ዋንዛዬ፦ በጉማራ ወንዝ ዳር የሚገኘው ፍል ውሃ ታሪክና ስለ ፈዋሽነቱ ሊታወቅ የሚገባው

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ማክሰኝት ስሟን ያገኘችው ከማክሰኞ ገበያዋ ነው። በዚሁ መንገድ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው እንፍራንዝን፣ አዲስ ዘመንንና ወረታን አልፎ ሐሙሲት ይደርሳል፤ የእርሷም ስም ስለ ሐሙስ ገበያዋ ይመሰክራል። ከሐሙሲት ወደ ምሥራቅ ዋናውን መንገድ ለቆ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር የዋንዛዬ ፍል ውሃ ይገኛል። የጎንደር ዙሪያ ነዋሪ ለዘመናት ቁርጥማት ሲይዘው፣ ገላውን እከክ ሲያሳክከው፣ ወይም የታመመ ቤተሰብ አልሻል ሲለው ስንቁን ቋጥሮ ከሚሄድባቸው የፈውስ ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። በጣና ሐይቅ ተፋሰስ ውስጥ ጉማራ የሚባሉ ሁለት ወንዞች አሉ። አንደኛው በማክሰኝት አካባቢ የሚያልፈው ሲሆን፣ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት የአፈርና የውሃ ጥበቃ ጥናት ያካሄደበት ተፋሰስ በዚሁ ስም ይታወቃል። ሁለተኛው ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በፎገራ ሜዳ አቋርጦ ወደ ጣና የሚገባው ደቡባዊው ጉማራ ነው። ፍል ውሃው የሚገኘው በሁለተኛው ዳር ነው። ስለ ዋንዛዬ ሰምተው በማክሰኝት ዙሪያ የሚያጠያይቁ መንገደኞች ቢኖሩ በስሙ መመሳሰል ሊፈረድባቸው አይገባም።

የፍል ውሃዎቻችን ታሪክ በአብዛኛው በቃል የተላለፈ ነው። ነገሥታቱ የሰፈሩበት፣ አብያተ ክርስቲያናት የተተከሉበት ዓመት በዜና መዋዕል ሲመዘገብ፣ አንዲት እናት ልጇን አዝላ የሦስት ቀን መንገድ ተጉዛ በፍል ውሃ ዳር ስለ ማደሯ የጻፈ የለም። ሆኖም ይህ አካባቢ ከመንግሥት መቀመጫ የራቀ ሆኖ አያውቅም። ዓፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597 እ.ኤ.አ.) ከእንፍራንዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አሠርተዋል፤ ዓፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ተቀምጠዋል፤ ዓፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ቆርቁረዋል፤ ከዚያም ደብረ ታቦር በተራዋ የመኳንንትና የነገሥታት መናገሻ ሆናለች። እነዚህን ከተሞች በሐሳብ በመስመር ብናያይዛቸው የጉማራ ሸለቆ ከመሐላቸው እምብዛም የራቀ አይደለም። ዛሬ ሩቅና ገለልተኛ የሚመስለን ስፍራ በዚያ ዘመን መንገደኛ፣ ነጋዴና ሠራዊት ከሚመላለስበት ቀጣና ጋር ይጎራበት ነበር።

ፍል ውሃ በአገራችን የከተማ ታሪክ ውስጥ ያለውን ድርሻ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን የአዲስ አበባ ምሥረታ ነው። ንጉሥ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ በሰፈሩበት ወቅት ቦታው ለመከላከያ አመቺ ቢሆንም ብርዱ የጸና፣ ነፋሱ የበረታ፣ የማገዶውም ነገር አስቸጋሪ ነበር። ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ የሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ቤተ መንግሥቱን ቁልቁል ሳበው። ንጉሡና መኳንንቱ ለመታጠብና ከቁርጥማት ዕረፍት ለማግኘት በፍል ውሃው ዙሪያ ድንኳን እየተከሉ ይሰነብቱ ጀመር። ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል፣ ገና እቴጌ ከመባላቸው በፊት፣ ስፍራውን ወድደው ቤት እንዲሠራ ጠየቁ፤ በኅዳር 1879 ዓ.ም. የተሰጠው «አዲስ አበባ» የሚለው ስምም ከእርሳቸው ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከዚያ ቀደም ስፍራው በኦሮሞ ነዋሪዎቹ ዘንድ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ይህም ስም ከሚፈልቀው ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ የአገሪቱ ዋና ከተማ የቆመችበትን ቦታ በመምረጥ ረገድ አንድ የመታጠቢያ ምንጭ ከብዙ የጦር ስልት ያላነሰ ሚና ነበረው ማለት ነው። ውሃው እስከ ዛሬ ለሕዝብ መታጠቢያነት ያገለግላል።

ከዚያ በኋላ በስምጥ ሸለቆና በዙሪያው ያሉት ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ ወሊሶና አምቦ በየተራ መንገድ ተቀይሶላቸው፣ የመዋኛ ገንዳና ማረፊያ ተሠርቶላቸው የታወቁ መዝናኛዎች ሆኑ። በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ያሉት እንደ ዋንዛዬ ያሉ ምንጮች ግን ይህ ዕድል ሳይገጥማቸው ቆዩ። ወደ እነርሱ የሚሄደው ሰው በዋናነት ለመዝናናት ሳይሆን ለመዳን የሚሄድ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በመዝናኛ ስፍራ የሚታጠበው ሰው በአብዛኛው ጤነኛ ነው፤ በፈውስ ስፍራ የሚታጠበው ግን በሽተኛ ነው፤ ከጎኑ ያለውም እንዲሁ።

ስለ ፍል ውሃ ሲነሣ ከጠበል ጋር ያለውን ዝምድናና ልዩነት ማመልከት ተገቢ ነው። ጠበል በጸሎትና በቅዱሳን ስም የተባረከ ውሃ ሲሆን ሙቀቱ ግድ አይሰጠውም። የዓባይ መነሻ የሆነው የግሽ ዓባይ ምንጭ ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን ከመላ አገሪቱ ምእመናን ለፈውስ የሚሄዱበት ታላቅ ጠበል ነው። ፍል ውሃ በአንጻሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሙቀቱና በማዕድኑ ተማምኖ የሚነከርበት ነው። በተግባር ግን ሁለቱ ይቀላቀላሉ። በቁጥር የተወሰኑ ቀናት መሰንበት፣ ጠዋትና ማታ መታጠብ፣ በስንቅነት በሶና ቆሎ ይዞ በጎጆ ወይም በዳስ ማደር በሁለቱም ዘንድ የተለመደ ነው። በርካታ ሕሙማንም አንዱን ከሌላው ሳይነጥሉ ከጠበል ወደ ፍል ውሃ፣ ከፍል ውሃ ወደ ጠበል ይመላለሳሉ።

ውሃው ለምን ይሞቃል? ብዙ ሰው ከምድር በታች በቅርብ የሚነድ እሳት ያለ ይመስለዋል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ይህ ግምት ከእውነት ብዙ አይርቅም፤ በአሉቶ ላንጋኖ ከምድር የሚወጣው እንፋሎት ኤሌክትሪክ እስከ ማመንጨት ደርሷል። የጣና ተፋሰስ ጠባይ ግን የተለየ ነው። የአካባቢው ወፍራም የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ የተፈጠረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ሲሆን፣ ሐይቁ ራሱ ያረፈው ሦስት የመሬት ስምጠቶች በሚገናኙበት ሥፍራ ላይ ነው። የመሬት ስምጠት ባለበት ስንጥቅ አለ። የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ወደ ጥልቁ ይሰርጋል፤ በአማካይ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ጥልቀት የምድር ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጨምር ውሃው እየሞቀ ይሄዳል፤ ከዚያም በሌላ ስንጥቅ ተገፍቶ ወደ ላይ ይመለሳል። ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሳይቀዘቅዝ የሚመለስ ውሃ ከሰው ገላ ሙቀት እንደሚበልጥ ለማስላት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። ውሃው በዚህ ረጅም ጉዞ ድንጋዩን እያሟሟ ማዕድን ይሸከማል። ከአንዳንድ ምንጮች የሚሰማው እንደ ተበላሸ እንቁላል ያለ ሽታም ከድኝ ውሁዶች የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ፈውሱ እንምጣ። አባቶቻችን በፍል ውሃ ላይ የነበራቸው እምነት መሠረት የሌለው አልነበረም። እስከ አንገቱ በውሃ የተነከረ ሰው መገጣጠሚያዎቹ የሚሸከሙት ክብደት ከደረቅ መሬት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል። በጉልበትና በወገብ ሕመም ላይ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም መጠነኛና ለጊዜው የሚቆይ ዕፎይታ እንደሚገኝ ያሳያሉ። በቁርጥማት የተያዙ አረጋዊ ከዋንዛዬ ሲመለሱ «ጉልበቴ ተፈታ» ቢሉ እውነታቸውን ነው።

የቆዳ በሽታንም በተመለከተ ልማዱ የራሱ ምክንያት አለው። ድኝ እከክን ለማከም ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን ዛሬም በጤና ተቋማት በቅባት መልክ ይሰጣል። ሆኖም የቅባቱ የድኝ መጠን በልክ የተዘጋጀ ሲሆን የምንጭ ውሃ ግን እንዲህ ያለ ልክ የለውም። ይባስ ብሎ እከክ ከሰው ወደ ሰው በገላ ንክኪና በልብስ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ በአንድ ዳስ ተጨናንቀው የሚያድሩ ሕሙማን ሊድኑበት በሄዱበት ስፍራ ሊያዛምቱት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ኤልኒኖ ያስከተለውን ድርቅ ተከትሎ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው የእከክ ወረርሽኝ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች መያዛቸው ሲታወስ ጉዳዩ ተራ ማሳከክ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል። በእከክ የተያዘ ሰው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጊዜ ካልታከመ፣ በሄደበት ታጥቦ ቢመለስም ከቤቱ መልሶ ይይዘዋል።

ከዚህ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው የእግር ዝሆኔ ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውና በሕክምናው ቋንቋ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንዳጠቃ ይገመታል። ሕሙማኑ በመገለል ብዛት ከገበያና ከለቅሶ ቤት ቀርተው፣ የመጨረሻ ተስፋቸውን በጠበልና በፍል ውሃ ላይ የሚጥሉ ናቸው። በዚህ ረገድ ውሃው በእርግጥ ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ግን ከሚታሰበው በተለየ መንገድ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት እግርን ዘወትር በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ማለስለሻ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ የሕመሙን ድንገተኛ ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ለዚህ የሚያስፈልገው የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ፣ አንድ መታጠቢያና ሳሙና ነው። የሦስት ቀን መንገድ ተጉዞ ለአንድ ሳምንት መታጠብ፣ ከዚያም ተመልሶ በባዶ እግር ማረስ ግን ያበጠውን እግር ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። መታጠቡ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ሳሙናው፣ ጫማውና ቀጣይነቱ ነው።

ሙቀት የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ። የልብ ድካም ወይም ልጓም ያልተበጀለት የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ትኩሳት ላይ ያለ ሕመምተኛ በሙቅ ውሃ ለረጅም ጊዜ መነከር የለባቸውም። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ስለሚደነዝዝ ሲቃጠል ላይታወቀው ይችላል። የተከፈተ ቁስል ያለበት ሰው ለራሱም ለሌላውም ሲባል በጋራ ገንዳ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ስለ ውሃው ንጽሕና የሚነሣው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለችው ከተማ ሮማውያን በፍል ውሃው ላይ ቤተ መቅደስ ሠርተው ይታጠቡ ነበር፤ ከእነርሱም በኋላ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ድረስ ሕሙማን ይጎርፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን በገንዳው የዋኘች አንዲት ልጅ ኔግሌሪያ በተባለ፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ በሚኖርና በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን በሚያጠቃ ረቂቅ ነፍሳት ሞተች። መታጠቢያዎቹ ተዘጉ። ውሃው ከብክለት ነጻ ከሆነ ጥልቀት በአዲስ ጉድጓድ እንዲወጣ ተደርጎ ለሕዝብ አዲስ መታጠቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እንዲህ ያለው ሕመም እጅግ ብርቅ ቢሆንም፣ በሞቀ የተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ራስን ከመድፈቅና ውሃ ወደ አፍንጫ ከማስገባት መቆጠብ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው። በወንዝ ዳር ባሉ ምንጮች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ከላይኛው ተፋሰስ አፈርና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ብዙ ሰው ሲሰነብት ምን እንደሚከተል ማብራራት አያሻም። ስለዚህ በፍል ውሃ ስፍራዎች የመጀመሪያው ግንባታ ሊሆን የሚገባው፣ በእኛ እምነት፣ ያማረ ሎጅ ሳይሆን ከምንጩ ራቅ ብሎ የተሠራ መጸዳጃ ቤትና የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ነው።

የማክሰኝት፣ የእንፍራንዝ፣ የአዲስ ዘመንና የወረታ ነዋሪዎች በተለይ ሊያስታውሱት የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ምንነቱ ያልታወቀ በሽታ ሰዎችን ይገድል ጀመር። ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፤ ሆድ ይነፋል፤ ሰውነት ይከሳል። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ግን አልሠራም። ምርመራው ያረጋገጠው ካላአዛር መሆኑን ነው። በሽታው ደጋ ቀመስ በሆነው በዚያ አካባቢ ይኖራል ተብሎ አይጠበቅም ነበር፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ወርደው የሚመለሱ የጉልበት ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን የሕክምና ጣቢያ ከፍቶ ሕሙማንን ሲያክም፣ በሊቦ ከምከምና በአጎራባቹ ፎገራ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ካላአዛር ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ይድናል።

ይህን በፍል ውሃ ታሪክ ውስጥ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የማይለቅ ትኩሳትና የሆድ መነፋት ያለበት ሰው ፈውስ ፍለጋ ከስፍራ ስፍራ ሲዞር የሚያጠፋው ሳምንት፣ መድኃኒቱ ሊያድነው የሚችልበት ሳምንት ነው። የቆዳ ካላአዛር የሆነው ቁንጭርም እንዲሁ ነው። ሕሙማን ከጤና ጣቢያ አስቀድመው ወደ ጠበልና ወደ ባህላዊ መድኃኒት ስለሚሄዱ፣ ወደ ሕክምና የሚደርሱት ቁስሉ ፊትን ካበላሸ በኋላ ነው፤ ጠባሳውን የሚሽር ውሃ ደግሞ የለም።

መድኃኒት ጀምሮ ማቋረጥ ከሁሉ የከፋው ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት በጀመረበት ወቅት በእንጦጦ ማርያም ጠበል ይጠመቁ ከነበሩት በርካታ ሕሙማን መካከል «በእምነትና በመድኃኒት መካከል መምረጥ አለብኝ» የሚሉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን፣ ሁለቱ እንደማይጋጩና አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። የጤና ባለሙያ በብዙ ስብሰባ ሊያሳካው ያልቻለውን ያ አንድ ቃል ለብዙዎች አቀለለው። ዛሬም የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወደ ዋንዛዬም ሆነ ወደ ሌላ ፍል ውሃ ሲሄድ የሚሰነብትበትን ቀን ለሚከታተለው ጤና ተቋም አስታውቆ፣ ለዚያ የሚበቃውን መድኃኒት ከስንቁ ጋር ቋጥሮ መሄድ ይችላል። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም፤ ባለሙያውም ሊቆጣ አይገባውም። ሕመምተኛው ሄዶ መምጣቱን የሚደብቀው ሲቆጡት ነውና።

ለቁርጥማት ወደ ዋንዛዬ መሄድ የሚፈልግ ሰው፣ ትኩሳት የሌለውና ልቡ ጤናማ ከሆነ፣ ይሂድ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የሆድ መነፋትና መክሳት ያለበት ሰው ግን ከጉዞው በፊት በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይቅረብ። የካላአዛር የመጀመሪያ ምርመራ በጣት ደም ጠብታ ተደርጎ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል። በሽታው ከተገኘ ሕሙማን ወደ አዲስ ዘመን ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወዳለው የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ይላካሉ። የተለመደው ሕክምና 17 ቀናት የሚፈጅ ሲሆን፣ አስታማሚ ለእነዚህ ቀናት የሚበቃ ስንቅ ይዞ ቢመጣ ይመከራል።